እትዬ ይታይሽና የአባታቸው ድንጋይ

መርዶውን የነገረችኝ የእትዬ ይታይሽ መንደር ልጅ ብርቱካን ናት። የደወለችው ከጉና ግርጌ ነው። ስልኩ ይያያዛል፣ ይቆረጣል፣ መልሶ ይያያዛል። «እትዬ ይታይሽ» ትላለች፤ ድምጿ ይጠፋል። «ትናንት ደብረ ታቦር» ትላለች፤ ይጠፋል። ባሕር ዳር፣ ቤቴ በረንዳ ላይ ቆሜ «አልሰማሽም፣ ድገሚው» እያልሁ ስጮህ ጎረቤቴ ጸብ መስሎት ወጣ። በመጨረሻ ጥርት ብሎ የመጣልኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ቆመው ነው የሞቱት።»

ይህን ስሰማ ሳቅሁ። ጎረቤቴ ግራ ገባው። ከዚያ እዚያው በረንዳው ላይ አለቀስሁ። እትዬ ይታይሽን የማያውቅ ሰው ሳቄንም ልቅሶዬንም አይረዳልኝም። በወረዳችን የመጀመሪያዋ ሴት አስተዳዳሪ ነበሩ፤ ከዚያ በፊት የቀበሌያቸው የመጀመሪያዋ ሴት ሊቀመንበር። በዕድሜዬ እንደ እሳቸው መቀመጥ የሚጠላ ሰው አላየሁም። ለአንዲት መቀመጫ ደግሞ እንደ እሳቸው የተሟገተ አላየሁም።

ለቀብሩ አልደረስሁም። ሚኒባሱ ሐሙሲት ላይ ቆመ። ከፊታችን ያለው መንገድ «እስኪጣራ ነው» አለ ሾፌሩ፤ ምኑ እንደሚጣራ፣ በማን እንደሚጣራ የጠየቀው የለም። በዚህ ዘመን መንገድ እንዲህ ነው፤ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ አንተ ትጠብቃለህ። ቀኑ የገበያ ነበርና በሰውና በአህያ መሀል ከዳር ዳር እመላለስ ጀመር። ሽንኩርት የምትሸጥ አንዲት ሴት ብዙ ከታዘበችኝ በኋላ «አንተ ሰው፣ ምጥ እንደያዛት ላም ምን ያዞርሃል? ና ጆንያው ላይ አረፍ በል» አለችኝ። አልችልም አልኋት። እውነቴን ነው፣ አልቻልሁም። ይህ በሽታ ከእትዬ ይታይሽ የተጋባብኝ ነው። እዚያው አደርሁ፤ እሳቸውን እኔ በሌለሁበት ቀበሯቸው።

መጀመሪያ ሳውቃቸው ከግብርና ኮሌጅ የወጣሁ ለጋ የልማት ሠራተኛ ነበርሁ። የተመደብሁበት ቀበሌ ብርድ የማይለቀው፣ ገብስና ድንች የሚበቅልበት ደጋ ነው። የቀበሌው ሽማግሎች የሚሰበሰቡት ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ባለች አሮጌ ወይራ ሥር ነበር። እዚያ አንድ ወግ አለ። እያንዳንዱ አባወራ የራሱ መቀመጫ ድንጋይ አለው። ድንጋዩ የእገሌ ተብሎ በስም ይታወቃል፤ ሌላ ሰው አይቀመጥበትም። ሰውየው ሲሞት፣ በሠልስቱ ቀን ሽማግሎቹ ወንድ ልጁን ጠርተው በአባቱ ድንጋይ ላይ ያስቀምጡታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቢናገር ይሰማል፤ ከዚያ በፊት ጺሙ ደረቱ ቢደርስም ልጅ ነው። ሴቶች ጉዳይ ሲኖራቸው ከዳር ቆመው፣ ወይ መሬት ላይ ቁጢጥ ብለው ይጠብቃሉ።

የእትዬ ይታይሽ አባት፣ አያ ካሴ፣ ወንድ ልጅ ሳይወልዱ ሞቱ። ድንጋያቸው ባዶውን ቀረ፤ የበግ ግልገሎች ይዘሉበት ነበር። እትዬ ይታይሽ ራሳቸውም በልጅነታቸው ተድረው፣ አልወለዱም ተብለው ወደ አባታቸው ቤት የተመለሱ ናቸው። የአባታቸውን መሬት የሚያሳርሱት፣ ለእህል ገበያ የሚወጡት፣ በዳር ድንበር ነገር ፍርድ ቤት የሚከራከሩት እሳቸው ነበሩ። ከወረዳ «ሴቶችን ወደ አመራር አምጡ» የሚል ትእዛዝ ሲመጣ ሽማግሎቹ ብዙ አልተጨነቁም። «ስሙን እሷ ትያዘው፤ ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» ተባባሉና እጃቸውን አወጡ።

በተመረጡ በሳምንቱ የመጀመሪያው ስብሰባ ተጠራ። እኔ ስለ እርከን ሥራ እንድናገር ታዝዤ ከወይራው ግንድ ተደግፌ ቆሜያለሁ። ወንዶቹ በየድንጋያቸው ተቀምጠዋል። እትዬ ይታይሽ ከላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል፣ ጥቁር ጃንጥላቸውን እንደ ምርኩዝ እየወጉ መጡ። ሴቶቹ ከሚቆሙበት ዳር ሲደርሱ አልቆሙም። ወንዶቹን አልፈው ገቡ፤ የአባታቸውን ድንጋይ በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አደረጉና ተቀመጡበት።

መጀመሪያ የተነሱት አያ ሞላ ነበሩ። አያ ሞላ የአያ ካሴ የልብ ወዳጅ ነበሩ፤ ድንጋያቸውም ጎን ለጎን ነው። ዱላቸውን ተመርኩዘው ብድግ አሉ። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ተነሳ፤ ከዚያም ሌላው። አንድም የቀረ የለም። ያን ሁሉ ወንድ ቆሞ አንዲት ሴት በመሀላቸው ተቀምጣ ሳይ ላብ አጠመቀኝ። እኔ እንኳ ከመጀመሪያውም ቆሜ ነበር፤ ግን ከእነሱ ጋር የተነሳሁ እንዳይመስልብኝ መሬቱን ማየት ጀመርሁ።

«ይታይሽ፣ ተነሽ» አሉ አያ ሞላ። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል። ዛሬ አንችን ዝም ብንል ነገ ማን መጥቶ ሊቀመጥብን ነው?»

እትዬ ይታይሽ አልተቆጡም። የነጠላቸውን ጥለት ጣታቸው ላይ ጠምጠም ፈታ እያደረጉ ቀና ብለው አዩዋቸው። ሲጨንቃቸው እንዲህ እንደሚያደርጉ ኋላ ነው የተረዳሁት።

«አያ ሞላ፣ ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ማውረድ ይቸግራል» አሉ። «እጃችሁን ስታወጡልኝ ተቀምጣችሁ ነበር። አሁን ብትቆሙ አልወርድም።»

ከወደ ኋላ አንድ ሰው ሳቁ አመለጠውና በሳል ሸፈነው። ግን የተቀመጠ የለም። ስብሰባው እንዲያው በቁም ተካሄደ። እኔ ተናገርሁ፣ እሳቸው ጠየቁ፣ ወንዶቹ እያጉረመረሙም ቢሆን መለሱ። ጉልበታቸው የደከመ ሽማግሎች ናቸውና ነገር የሚያረዝም ጠፋ። ጸሐይ እስክትጠልቅ ይጎተት የነበረው ጉዳይ የተሰጣ እህል ሳይደርቅ አለቀ ይላሉ እስካሁን። ሲያበቃ እትዬ ይታይሽ ተነሱና «ይኸውላችሁ፣ በቁም እንዲህ ያምራል። እናንተ በቁጣ ጀመራችሁት፤ እኔ በደስታ እቀጥለዋለሁ» ብለው ጃንጥላቸውን አንስተው ሄዱ።

ቀስ በቀስ ሽማግሎቹ መቀመጥ ጀመሩ፤ ጉልበት ከኩራት ቀድሞ ይደክማል። እሳቸው ግን አንድ ጊዜ ድንጋዩ የእሳቸው መሆኑ ከታወቀ በኋላ ተቀመጡበት ለማለት ያህል ብቻ ነበር። ትንሽ ዐረፍ ይላሉ፤ ወዲያው ይነሳሉ፤ ቆመው ያዳምጣሉ፤ ከዚያ «ተነሱ፣ እየሄድን እንነጋገር» ይላሉ። የቦይ ጉዳይ ከሆነ ወደ ቦዩ፣ የድንበር ጉዳይ ከሆነ ወደ ድንበሩ። ከኋላቸው ስንከተል ትንፋሽ ያጥረን ነበር። ኪሳቸው ውስጥ ሁልጊዜ የገብስ ቆሎ አለ። መዳፋቸው ላይ ዘርግተው እየሄዱ ይቆረጥማሉ፤ ለሚጨቃጨቃቸው ሰውም ያቃምሳሉ። አፍ ሙሉ ቆሎ ይዞ መጨቃጨቅ እንደማይቻል ያውቃሉ።

ከመንደሩና ከትምህርት ቤቱ መሀል ወንዝ አለ። በበጋ ድመት የምትዘለው፣ በክረምት ግን በሬ የሚወስድ ወንዝ ነው። ትምህርት የሚከፈተው ሳይጎድል ነው፤ ፈተና የሚደርሰውም ሲሞላ። ብርቱካን ያን ጊዜ ትንሽ ልጅ ነበረች፤ እናቷ ባል የሞተባት ሴት ናት። አንድ መስከረም ልጅቷ ስትሻገር ወንዙ ወሰዳት። ዝቅ ብሎ ያለ የዛፍ ሥር ይዟት ነው የተረፈችው። እናቷ ከዚያ በኋላ ከቤት አላስወጣ አለቻት። «ከሞተች ያልተማረች ልጅ ትሻለኛለች» አለች። ማን ይፈርድባታል?

እትዬ ይታይሽ ድልድይ ካልተሠራ ብለው ያዙ። ወረዳው ግንበኛና ሲሚንቶ ሊሰጥ ተስማማ፤ ድንጋዩን ሕዝቡ ያውጣ ተባለ። ወይራው ሥር ክርክር ተነሳ። ማን ምን ያህል ጭነት ያምጣ፣ ልጅ የሌለው ለምን ያመጣል፣ ወዲያ ማዶ ያሉትስ? እትዬ ይታይሽ እንደ ልማዳቸው ቆመው፣ ጥለታቸውን እየጠመጠሙ ሲሰሙ ቆዩ። ከዚያ ድንገት ወደ እኔ ዞረው «ና እስቲ፣ በዚያ በኩል ያዝልኝ» አሉኝ።

ምኑን እንደምይዝ አልገባኝም ነበር። የአባታቸውን ድንጋይ ነው። ከመሬቱ ነቅለው ወደ ወንዙ ማንከባለል ጀመሩ።

«ይታይሽ» አሉ አያ ሞላ፤ «የካሴን ድንጋይ? ባልንጀራዬን ሁለተኛ ልትቀብሪው ነው?»

«አባቴ እዚህ ሆኖ አንድ ሰው ያስቀምጣል፤ እዚያ ሆኖ ልጅ ያሻግራል» አሉና ማንከባለላቸውን ቀጠሉ።

ሌሎቹም ድንጋዮቻቸውን ነቅለው ተከተሉ ብል ደስ ባለኝ፤ አልተከተሉም። የራሱን መቀመጫ የሰጠ አንድ ሰው የለም። ግን በማግስቱ ድንጋይ ከሚወጣበት ካባ እስከ ወንዙ አህያ ተሰልፎ አየሁ። ያሳፈራቸው ይመስለኛል። አያ ሞላ ልጆቻቸውን ላኩ፤ ራሳቸው ደግሞ ቁልቁለቱን ወርደው ከግንበኛው ጋር ተጣሉ። የአያ ካሴን ድንጋይ በጎኑ አጋድሞ ቀብሮታል። «ካሴ እንዲህ አልነበረም የሚቀመጠው፤ ልሙጡ ጎን ከላይ ነው። ገልብጠው» አሉት። ግንበኛው ምን ያድርግ፣ ገለበጠው።

ብርቱካን በዚያ ድልድይ ተሻግራ ተማረች። ወይራው ሥር ድንጋዩ የነበረበት ቦታ ግን ሣር ሳይበቅልበት፣ መላጣ ሆኖ ቀረ። እትዬ ይታይሽ ከዚያ በኋላ ሲሰበሰቡ የሚቆሙት እዚያ መላጣ ላይ ነው። ሌላ ድንጋይ እናምጣልዎ ሲሏቸው እምቢ አሉ።

ወረዳ አስተዳዳሪ ሆነው ሲሾሙ እኔም ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ተዛወርሁ። ከቀድሞው አስተዳዳሪ የወረሱት ትልቅ ተሽከርካሪ ወንበር ነበራቸው። የሚቀመጥበት ጃንጥላቸው ነበር። ባለጉዳይ ሲገባ እሳቸው በመስኮትና በበር መሀል እየተመላለሱ ያዳምጣሉ። አንድ የዞን ባለሥልጣን መጥቶ «ክብርት አስተዳዳሪ፣ ወንበሩ ተበላሽቷል እንዴ?» ቢላቸው «ደኅና ነው። ግን ወንበር ሲሞቅ ሰው የመጣበትን ይረሳል» አሉት። ሰውየው ሞቅ ባለው ወንበሩ ላይ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ደብረ ታቦር ለስብሰባ ስንሄድ መኪናውን ከከተማው መግቢያ ላይ አስቁመው በእግር ይገባሉ፤ ገበያ ውስጥ የሚያውቃቸው ሁሉ ነጠላቸውን እየጎተተ አቤት ይላቸዋል። አንዱ የማዳበሪያ ነገር፣ አንዱ የመምህር እጥረት። ስብሰባው ላይ ዘግይተው ሲደርሱ «ስብሰባ ላይ ነበርሁ» ነው የሚሉት።

ሰው ሁሉ ግን አልወደዳቸውም። እውነት ለመናገር እኔም አንዳንድ ቀን አልወዳቸውም ነበር። ያጣድፋሉ። የጀመርኸውን ሳትጨርስ ሌላ ያዝዙሃል። ምሳህን ስትበላ ከበላይህ ቆመው ይጠብቁሃል። አንድ ቀን ባደባባይ «አንተ ልጅ፣ ተክል ነህ እንዴ? ሥር ሰደድህ» ብለውኝ ሳምንት ሙሉ አኩርፌያቸዋለሁ። ማኩረፌን ማወቃቸውንም እንጃ።

በመጨረሻ በግምገማ አወረዷቸው። አዳራሹ ውስጥ ነበርሁ። ቁጡ ናቸው ተባለ፤ ከላይ የመጣ መመሪያ ላይ ጥያቄ ያበዛሉ ተባለ፤ ተረጋግተው አይቀመጡም ተባለ። እሳቸው ግድግዳውን ተደግፈው ቆመው ሰሙ። አስተያየት አለዎት ወይ ሲባሉ «የመጨረሻውን ተቀብያለሁ» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። ግን የሳቀው ሁሉ ወዲያው እጁን አወጣና አወረዳቸው። በቦታቸው አንድ ረጋ ያለ ሰው ተተካ።

ከአዳራሹ ወጥተን አብረን ሄድን። መውረዳቸው የከፋቸው መስሎኝ ማጽናኛ ቃል እፈልጋለሁ። እሳቸው ፈጥነው ይራመዳሉ።

«ለቦታዬ ስንት ሰው እንደ ተጠቆመ ሰማህ?» አሉኝ። «አንዲት ሴት በመሀላቸው አለች?»

የለችም አልሁ።

«መጀመሪያ መሆን ምን ይረባል? ሁለተኛዋ ካልመጣች እኮ እኔ ስሕተት ነኝ። አንድ ጊዜ ተሳስተው የሠሩኝ።» ትንሽ ሄድ አሉና ቆሙ። «አያ ሞላ ጅብ ይገባል ብለው ፈርተው ነበር። እኔ ቀደድሁት፤ የሚገባ ጅብ ግን ጠፋ።»

ለመሳቅ ሞከሩ። ከዚያ ወደ ሌላ ወገን እያዩ «ልጅ አለመውለዴን ለምጀዋለሁ። ይህን ግን አልለምደውም» አሉ።

ወደ ቀበሌያቸው ተመለሱ። እኔ ባሕር ዳር ገባሁ። ስደውልላቸው የሚያወሩኝ ስለ ሁለተኛዋ ነበር። አንዷን ጠይቀው ባሏ ከልክሏታል። አንዷ «እኔ ተሰድቤ አልችለውም» ብላቸዋለች። ብርቱካን ያን ጊዜ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆና መንደሯ ተመልሳለች። ቤት ለቤት ስትዞር የምትፈራው ነገር የለም፤ ሽማግሎች ፊት ቁሚ ሲሏት ግን «እትዬ፣ ጉሮሮዬ ይዘጋል» አለቻቸው። በስልክ ሲነግሩኝ «ወንዝ ያልዘጋው ጉሮሮ» እያሉ ይናደዱ ነበር።

መንገዱ ተከፍቶ የደረስሁት በሠልስቱ ቀን ነው። ከደብረ ታቦር ባጃጅ ወስዶኝ ዳገቱ ሲያቅተው ወርጄ በእግሬ ወጣሁ። ግንቦት እያለቀ ነበርና ጉና ደመናውን ተከናንቧል። ብርቱካን መንገድ ላይ ተቀበለችኝ። ባለፈው ክረምት ጎርፉ የድልድዩን አንድ ጎን በልቶት ኖሯል። እትዬ ይታይሽ ክረምቱ ተመልሶ ሳይመጣ ይጠገን ብለው ሲሚንቶ ፍለጋ ደብረ ታቦር ሲመላለሱ ከርመዋል። ያን ቀን አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ኃላፊውን ሲጠብቁ ጥበቃው በርጩማ አውጥቶላቸው ነበር። «ተባረክ፣ አሁን ይመጣል» ብለው ግድግዳውን ተደገፉ። ከዚያ አልተናገሩም።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሕዝቡ ወይራው ሥር ተሰበሰበ። ወንዶቹ በየድንጋያቸው፣ ሴቶቹ ከዳር። መላጣው ቦታ ላይ አዲስ ድንጋይ ተቀምጦ አየሁ። የወንዝ ጭቃ ገና አልደረቀበትም። ያስመጡት አያ ሞላ መሆናቸውን ሰማሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን ለማንም አልተናገሩም። ሁሉም የሚያየው የሟቿን የእህት ልጅ ነው። ከከተማ የመጣ፣ ኮቱን የተኮሰ ወጣት ነው፤ እንደሚጠራ ገብቶት ጉሮሮውን ይጠራርጋል። እኔ ከግንዱ ተደግፌ፣ እንደ ድሮው፣ እግሬ አላርፍ ብሎኛል። ቢጠሩት ጥዬ እሄዳለሁ ብዬ ለራሴ ወስኜ ነበር።

አያ ሞላ አርጅተዋል። ዓይናቸው ስለደከመ ሰውን የሚያውቁት በድምፁ ነው። እንደተቀመጡ ዱላቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉ።

«ሰው ሲሞት ድንጋዩ ሰው ይፈልጋል» አሉ። የእህት ልጅ ኮቱን አስተካከለ። «ብርቱካን የት አለች?»

«እዚህ ነኝ፣ አያ» አለች ከሴቶቹ መሀል።

«አሁንም ጉሮሮሽ ይዘጋል?»

«ይዘጋል።»

«ይዘጋ። የይታይሽም ይዘጋ ነበር፤ ጥለቷን ስትጠመጥም አይቻለሁ። ነይ ተቀመጭ።»

ብርቱካን አልተንቀሳቀሰችም። እናቷ ከኋላ ገፋ አደረገቻት። ወንዶቹን አልፋ ገባች፤ ድንጋዩ አጠገብ ስትደርስ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ጭቃውን ጠረገችና ተቀመጠች። እኔ እሷን አላየሁም። የማየው ዱላዎቹንና ጉልበቶቹን ነበር። አንድ ሽማግሌ እግራቸውን ሰበሰቡ፤ ሊነሱ ነው አልሁ። እግራቸው ደንዝዞባቸው ኖሯል፤ መልሰው ዘረጉት። ማንም አልተነሳም።

«እንግዲህ ጅቡም ገባ» አሉ አያ ሞላ። ከሴቶቹ በኩል ሳቅ ተሰማ፤ በሠልስት ቀን እንዲህ ያለ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም። ያን ጊዜ እንባዬ መጣ፤ አላፈርሁበትም።

ሁሉም የምትለውን ይጠብቃል። ብርቱካን አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣም። ወደ ወንዙ በኩል አየች። ሰማዩን አየች። እጇ የነጠላዋን ጫፍ ይዞ ነበር። ድንገት ድንጋዩ እንደፈጃት ሁሉ ብድግ አለች።

«ድልድዩን እዚህ ተቀምጠን አናየውም» አለች፤ ድምጿ ሻካራ ነበር። «ዝናቡ ሊደርስብን ነው። ተነሱ፣ እየሄድን እንነጋገር።»

መልስ ሳትጠብቅ ቁልቁለቱን ጀመረች። ሽማግሎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

መጀመሪያ የተነሱት አያ ሞላ ነበሩ።